በማን ልክ ተለክቶ? የደም ቁጥሮቻችንና የኮዬ ፈጬ ታካሚ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ያሉት የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች በ2011 ዓ.ም. ዕጣ ሲወጣባቸው አገሩን ያነጋገረው የወሰን ጉዳይ ነበር። ነዋሪው ከገባ በኋላ ወሬው ወደ ውኃ፣ ወደ መብራትና ወደ ታክሲ ተዛወረ። ከብሎኮቹ ሥር ያሉት የንግድ ክፍሎች አንድ በአንድ ሲከፈቱ ደግሞ ከሸቀጥ ሱቁ፣ ከሥጋ ቤቱና ከፀጉር ቤቱ ጎን ፋርማሲውና ክሊኒኩ ቦታቸውን ያዙ። እንደ ሌሎቹ የከተማዋ ዳርቻዎች ሁሉ እዚህም «ሙሉ ቼክአፕ» የሰፈር ቃል ሆኗል። ክንዱን ዘርግቶ ገንዘቡን የከፈለ ሰው ስኳሩ፣ ቅባቱ፣ ኩላሊቱና ጉበቱ በአንድ ወረቀት ተዘርዝረው ይሰጡታል። ከየቁጥሩ ጎን በቅንፍ የተቀመጠ ሌላ ቁጥር አለ፤ «ኖርማል» የሚባለው። ታካሚው የሚያየው የራሱን ቁጥር ነው። እኔ የማነሣው በቅንፍ ያለውን ነው። ከየት መጣ? ማንን ለክተው አገኙት?

ባዮማርከር የሚባለው ነገር ስሙ ይከብዳል እንጂ የማናውቀው ነገር አይደለም። በደም፣ በሽንት ወይም በሌላ የሰውነት ክፍል ተለክቶ፣ ታካሚው ገና ሳይሰማው የሰውነቱን ሁኔታ የሚናገር ምልክት ነው። የደም ግፊት ቁጥር ራሱ ከዚህ ወገን ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ደግሞ ከሁሉ በላይ ይህን ምልክት ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ለዓመታት ዝም ይላል። ስኳር የኩላሊትን ወንፊት ሲያበላሽ አያምም። ግፊት ልብን ሲያሰፋ ሰውየው ሥራው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የአገሮች ዝርዝር መሠረት በኢትዮጵያ ከሚሞተው ሰው 39 በመቶው የሚሞተው ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚናገር ቁጥር ቅንጦት አይደለም።

ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር አዲስ ነገር ይናፍቃል። ዛሬ የአልዛይመር በሽታን በደም የሚጠቁም ምርመራ አለ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የመጀመሪያውን ፈቅዷል። ደስ የሚል ዜና ነው። ለኮዬ ፈጬ ታካሚ ግን የጎደለው አዲስ ባዮማርከር አይመስለኝም። የጎደሉት ሁለት የቆዩ ነገሮች ናቸው፦ በእኛው ሕዝብ ላይ የተፈተነ ልክ፣ እና በአንድ ሰው ላይ በየጊዜው የሚደጋገም ልኬት። ሁለቱም ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ያሳየን ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም፤ እዚሁ አቃቂ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የጋራ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ተቋቋመ፤ በምሕጻሩ ኢናርፕ ይባል ነበር። መቀመጫው ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው፣ የአዲስ አበባ ሰው ግን እስከ አሁን «ፓስተር» በሚለው ግቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሮጀክቱ በአቃቂ የቃጫ ውጤቶች ፋብሪካ፣ ቀጥሎም በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ፈቃደኛ ሠራተኞችን መዝግቦ መከታተል ጀመረ። ሠራተኛው በየስድስት ወሩ ይመረመራል፤ ደም ይሰጣል፤ ውጤቱ ከቀድሞው ጎን ይጻፋል። ቫይረሱ ያለበትም የሌለበትም እኩል ይታይ ነበር። የጥናቱ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። የታመመን ሰው ብቻ የሚለካ ላብራቶሪ ጤነኛ ሰው ምን እንደሚመስል አያውቅም።

አስቴር ፀጋዬና የሥራ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ቫይረሱ የሌለባቸው 485 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ተለኩ። ከእነርሱ 142ቱ በኤችአይቪ ሕክምና ውስጥ ስሙ የገነነው ሲዲ4 የተባለው የደም ሕዋስ ተቆጠረላቸው። አማካዩ 775 ሆነ። ከጤነኞቹ መካከል ወደ 366 የሚወርድ ነበረ። በዚያው ዘመን ፀሐይነሽ መሰለና ሌሎች ተመራማሪዎች ኢትዮጵያውያኑን ከደች ሰዎች ጋር ሲያነጻጽሩ የእኛዎቹ በግልጽ ዝቅ ብለው ተገኙ። እንግዲህ አስቡት። በአውሮፓ መጽሐፍ ቢታይ ምንም ያልነካው የአቃቂ ሠራተኛ መከላከያው የተጎዳ ሰው መስሎ ሊገኝ ይችል ነበር።

ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ ከባድ ነበር። ከመነሻው ዝቅ ያለ ቁጥር ያለው ሰው ቫይረሱ ሲይዘው ቶሎ ይወድቅ ይሆን? በወረቀት ላይ ሲታሰብ አዎ ያሰኛል፤ ጥሪቱ ትንሽ የሆነ ሰው ቶሎ ይጨርሳልና። መልሱን የሰጠው ለዓመታት የተደጋገመው የስድስት ወር ደም ነው። በክትትሉ መካከል ቫይረሱ የያዛቸው ሠራተኞች ከመያዛቸው በፊት የነበራቸው ቁጥር በእጅ ነበረ፤ ከተያዙ በኋላ ያለውም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ውጤት እንዳሳየው የመነሻው ዝቅተኛነት የበሽታውን ግስጋሴ አላፋጠነውም። ይህን በአንድ ቀን ምርመራ ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር። ቁጥሩ ስንት ነው ከሚለው በላይ ከየት ተነሥቶ ወዴት እየሄደ ነው የሚለው እንደሚበልጥ ያስተማሩን የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ስማቸውን ግን ማንም አያነሣም።

ነጻ የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በጥር 1997 ዓ.ም. ሲጀመር በር ጠባቂው ይኸው ሲዲ4 ነበር። 200 ሲሆን ይጀመር ተባለ፤ ኋላ 350፣ ከዚያ 500። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ይጀምር አለና በሩ ተከፈተ፤ መከታተያውም በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ሆነ። አንድ ባዮማርከር ነግሦ፣ አገልግሎ፣ ወንበሩን ለሌላ ሲለቅ በአንድ ትውልድ አየን።

ልክ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በሲዲ4 አያበቃም። ሄሞግሎቢንን እንውሰድ። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ ይወፍራል ተብሎ ስለሚታመን የዓለም ጤና ድርጅት ለደም ማነስ ባወጣው የቆየ ሠንጠረዥ በ3,500 ሜትር ላይ በልኩ ላይ 2.7 ግራም ይጨመራል። ስለዚህ የወንዱ መነሻ ከ13 ወደ 15.7፣ የሴቷ ከ12 ወደ 14.7 ይወጣል። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክተው አማካዩን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 አገኙ። በደማቸው ያለው ኦክስጅንም እንደ ቆላ ሰው ነበር። የአንዲስ ተራራ ሰው ደሙን ሲያወፍር የእኛ ደገኛ በሌላ መንገድ ተላምዶታል። አሁን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የሠንጠረዡ ልክ ከሕዝቡ አማካይ ሥር ልጥፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ጤነኛ ከሆነው የሰሜን ገበሬ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የጎደለው «ደም ያንሰሃል» ይባላል። በሰው ልክ የተሰፋ ኮት ለብሶ እጅጌው ረዘመብኝ የሚል ሰው የሚሳቀው በኮቱ ነው፤ በላብራቶሪ ግን ጥፋተኛው ሁልጊዜ ክንዱ ይሆናል።

ኩላሊት ላይ ነገሩ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። የኩላሊት ሥራ የሚገመተው በደም ውስጥ ካለው ክሬቲኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና በዓለም የተሠራጨው ቀመር ታካሚው «ጥቁር» ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር፤ በአሜሪካ ከተደረጉ ጥናቶች የተወሰደ ብዜት። ሲባዛ ኩላሊቱ ከሆነው በላይ ደኅና ይመስላል፤ ሕመሙ ይደበቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካኖቹ ራሳቸው ብዜቱን ከቀመሩ አወጡት። ከዚህም ሌላ ክሬቲኒን የሚመጣው ከጡንቻ ነው። ቀጭንና በዕድሜ የገፉ እናት ኩላሊታቸው ቢደክምም የሚያመነጩት ክሬቲኒን ትንሽ በመሆኑ ቁጥራቸው በቅንፉ ውስጥ ሊያርፍ ይችላል። «ኩላሊትዎ ደኅና ነው» ተብለው ይሸኛሉ።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የጉበቱ ታሪክ ነው፤ እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራ ስለሆነ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር በመተባበር የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ፕሮግራሞች አንዱ ነው። ከ1,000 በላይ ታካሚዎች ተመዘገቡ። የዚያን ዓመቱ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጉበቱ የጠነከረበትን ሰው ለመለየት ኤፕሪ የሚባል ስሌት ይጠቀም ነበር፤ ከጉበት የሚወጣ አንድ ኤንዛይም በደም አርጊ ሕዋስ ብዛት ተካፍሎ የሚገኝ ነው። ውጤቱ ከ2 ሲበልጥ ይታከም ይላል። የእነ ዶ/ር ኃይለሚካኤል ደሳለኝ ቡድን ታካሚዎቹን በጉበት ስካን መሣሪያ ሲያመሳክር ይህ ጣሪያ መታከም የሚገባቸውን ብዙ ሰዎች እንደሚያልፋቸው ታየ። ከሌሎች የአፍሪካ ጥናቶችም ተመሳሳይ ማስረጃ ተሰበሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አዲስ መመሪያ ጣሪያውን ወደ 0.5 አወረደው። ልብ በሉ፤ ከ2 ወደ 0.5። በመካከል የወደቁት ሰዎች ቁጥራቸው «ገና ነው» የተባለላቸው ናቸው። የአገር ውስጥ ጥናት ዋጋ የሚታየኝ እዚህ ነው፤ ለመጽሔት ማሟያ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ መድኃኒት ማን ያገኛል የሚለውን ይወስናል።

ወደ ስኳር እንምጣ፤ በዚህ ሰፈር ብዙ ሰው የሚመላለስበት እርሱ ነውና። በመንግሥት ጤና ተቋም የተለመደው ክትትል የባዶ ሆድ ስኳር ነው። ታካሚው በቀጠሮው ጠዋት ሳይበላ ይመጣል፤ ጣቱ ይወጋል፤ መድኃኒቱ ይታደሳል። ማንኛዋም የክሊኒክ ነርስ የምታውቀው ነገር አለ፦ ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ሁሉም ጨዋ ይሆናል። እንጀራው ይቀነሳል፣ ለስላሳው ይቆማል፣ የተዘለለው ኪኒን ይዋጣል። የዚያ ጠዋት ቁጥር ያማረ ይሆናል። በዐቢይ ጾም ማግሥት ወይም በረመዳን ውስጥ የተለካ ቁጥርም የራሱ ጠባይ አለው። «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለው ምርመራ፣ ኤችቢኤዋንሲ፣ ይህን ሽወዳ አይቀበልም። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ በዕድሜው ሁሉ ያገኘውን ስኳር በላዩ ተሸክሞ ይዞራል። ይህን ያስተዋሉት ኢራናዊው ሳሙኤል ራህባር ሲሆኑ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1968 ነበር። የእንግሊዙ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳየው ይህን ቁጥር ከ7.9 ወደ 7.0 ማውረድ በዓይን፣ በኩላሊትና በመሳሰሉት ረቂቅ የደም ሥሮች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በሩብ ቀንሷል።

ቁጥሩን ማምለክ ግን ሌላ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 አኮርድ የተባለው የሰሜን አሜሪካ ጥናት ከ10,000 በላይ ታካሚዎችን ይዞ፣ ለግማሾቹ ይኸው ቁጥር ከ6 በታች እንዲወርድ በብዙ መድኃኒት ታገለ። ቁጥሩ ወረደ። ሰዎቹ ግን በበለጠ ሞቱ፤ 257 ከዚህኛው ወገን፣ 203 ከሌላኛው። ያ ጥብቅ ሕክምና ያለ ጊዜው ተቋረጠ። ሐኪሙ የሚያክመው ሰውየውን እንጂ ወረቀቱን አይደለም የሚለው የአዛውንት ሐኪሞች ምክር በዚያ ዓመት ማስረጃ አገኘ።

በሌላ በኩል ደግሞ ስኳሩ ራሱ የትኛው ነው የሚለው በእኛ አገር ገና አልተዘጋም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እነ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ለዓመታት የተከታተሏቸው፣ ከገጠር የመጡ፣ ቀጫጭንና ኢንሱሊን የሚያሻቸው ወጣቶች በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ዓይነቶች ጋር በቀላሉ አልገጥም አሉ። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2009 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ዓይነት ጉዳይ እንደገና እንክፈተው ወይ ብሎ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ዓይነቶቹን የሚለየው የደም ምርመራ፣ ማለትም ጸረ እንግዳ አካሉና ቆሽት የራሱን ኢንሱሊን ማመንጨቱን የሚያሳየው ሲፔፕታይድ፣ ለብዙው ታካሚ ሩቅ ነው። ቀጭን የሆነ ወጣት ከገጠር ዘመዱ ዘንድ ኮዬ ፈጬ መጥቶ ሲታይ ሐኪሙ የሚወስነው በመልኩና በዕድሜው ነው።

ስለ ቼክአፑ ጥቂት ልበል። ዋና ዋናዎቹን ማየት፣ ግፊትን፣ ስኳርን፣ የሽንት ፕሮቲንን፣ አርባ ዓመት ላለፈው ሰው የሚገባ ነው። የምቃወመው በዝርዝሩ መጨረሻ የሚቀመጡትን «የካንሰር ጠቋሚዎች» ነው። ሲኤ125 የሚባለው የማኅፀን እንቁላል ማፍሪያ ካንሰር የያዛትን ሴት ለመከታተል ጥሩ ነው። ጤነኛ በሚመስሉ ሴቶች ላይ ካንሰሩን ለመፈለጊያ ግን በእንግሊዝ 200,000 በሚሆኑ ሴቶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት ሞትን አልቀነሰም። ጣጣው ደግሞ በስሌት ይታያል። ከ1,000 ጤነኛ መሳይ ሴቶች አንዷ ብቻ ሕመሙ አለባት እንበል፤ ምርመራውም ከመቶ ጤነኛ አምስቱን ብቻ በስሕተት ይጠርጥር። ሃምሳ ሴቶች ያለ ምክንያት እንቅልፍ ያጣሉ፤ አልትራሳውንድና ሪፈር ይከተላል፤ እቁቡ ለዚህ ይወጣል። በሌላው ወር ለግፊት ኪኒን የሚሆን ገንዘብ የለም። ይህን ፓኬጅ የሚሸጥ ሰው ክፉ ነው አልልም፤ ገዢው ራሱ ብዙ ቁጥር ይወዳል።

ከብዙ ቁጥር ይልቅ ጥቂት ቁጥር ደጋግሞ ማየት ይሻላል ስንል ግን አንድ እንቅፋት አለ። ታካሚው ዛሬ ጤና ጣቢያ፣ ከሦስት ወር በኋላ «ሪኤጀንት አልቋል» ተብሎ ወደ ግል ላብራቶሪ፣ በሌላው ጊዜ ዘመድ ወዳገኘለት ሆስፒታል ይሄዳል። መሣሪያው ይለያያል፤ ዘዴው ይለያያል፤ በቅንፍ ያለው ልክም በአብዛኛው ከመሣሪያው ወይም ከሪኤጀንቱ አምራች መመሪያ የተቀዳ ነው። 7.4 የነበረው 8.1 ሲሆን ስኳሩ ነው የጨመረው ወይስ ላብራቶሪው ነው የተቀየረው? የውጤት ወረቀቶቹ በፌስታል ተጠቅልለው ከቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣሉ፤ ቀጣዩ ሐኪም አያያቸውም። ከሦስት ቦታ የመጡ ሦስት ቁጥሮች ክትትል አይባሉም። የኩላሊት ሕመም እኮ በትርጉሙ ራሱ ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ መሆኑ ካልታየ ሥር የሰደደ አይባልም፤ በአንድ ወረቀት የሚፈረድበት ሰው በሕጉ ገና አልታመመም።

መፍትሔው አዲስ ሆስፒታል ነው የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። በአቅራቢያው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፤ በቤጂንግ ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ ባመጣችው አትሌት ስም የተሰየመ፣ በቻይና መንግሥት ድጋፍ የተሠራ ነው። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አንዱ ሆስፒታል ይበቃል አልልም። ዳሩ ግን ለስኳርና ለኩላሊት ክትትል መሄድ ያለበት ታካሚው ሳይሆን ደሙ ነው። የኤችአይቪ ፕሮግራሙ ይህን አድርጎ አሳይቷል። ናሙና ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በኢትዮጵያ ፖስታ መኪና ወደ ሪጅናል ላብራቶሪ ሲጓዝ፣ ውጤቱም ሲመለስ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ደብዳቤ የቀነሰበት ፖስታ ቤት ደም ማመላለሱ ከብልጥ ሥራዎቻችን አንዱ ይመስለኛል።

የሦስት ወር ስኳር ለዚህ መንገድ የተፈጠረ ይመስላል። ተራው የደም ስኳር በቱቦ ውስጥ ሲቆይ ሕዋሶቹ ራሳቸው ስለሚበሉት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል፤ ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ ቃሊቲ መንገድ ላይ በትራፊክ ቢቆም ታካሚው በመኪና ውስጥ ይድናል። ኤችቢኤዋንሲ ግን በማቀዝቀዣ ሳምንት ይቆያል፤ ባዶ ሆድ መሆንም አይጠይቅም፤ ጠዋትም ማታም ይቀዳል። በወር ሁለት ቀን ከጤና ጣቢያው ተሰብስቦ ወደ አንድ ላብራቶሪ፣ ሁልጊዜ ወደዚያው አንድ ላብራቶሪ፣ ቢሄድ የአንድ ታካሚ አራት የዓመት ቁጥሮች የሚነጻጸሩ ይሆናሉ። ለኩላሊቱ ደግሞ የሽንት አልቡሚን ይበቃል፤ ከክሬቲኒኑ ቀድሞ ይናገራል፣ መርፌ እንኳ አይፈልግም። ቀድሞ የተገኘ ሰው በርካሽ የግፊት ኪኒን ዓመታት ያገኛል፤ ዘግይቶ የተገኘው በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ ላይ ይቀመጣል። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ተደርጓል፤ ለጋሽ ዘመድና ገንዘብ ያለው ስንት ነው የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የቀረው ልኩ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ኮዬ ፈጬ ከአቃቂ ፋብሪካ የተሻለ ቦታ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው የሰጠን በአብዛኛው የሥራ ዕድሜ ላይ ያለውን ጤነኛ ሰው ነበር። እዚህ ግን ከመሃል ከተማም ከገጠርም የመጣ፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ቀጭኑም ወፍራሙም በቁጥር በተሰየመ ብሎክና በር ይኖራል፤ በዓመቱ ተመልሶ ለማግኘት ከዚህ የቀለለ አድራሻ የለም። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ቂሊንጦ ጎረቤት ነው። ሁለት ሺህ ፈቃደኛ መዝግቦ በየስድስት ወሩ ክሬቲኒናቸውን፣ የሽንት አልቡሚናቸውንና ኤችቢኤዋንሲያቸውን በአንድ መሣሪያ መለካት ከአንድ ዘመናዊ የስካን ማሽን ግዢ ያነሰ በጀት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ዙር ውጤት ሲወጣ በየክሊኒኩ ወረቀት ላይ በቅንፍ የሚጻፈው ቁጥር ይቀየር አይቀየር ይታወቃል።